እስትንፋስ በልክ፤ ለሜዳ መኪና ማርሚታ ስለ መሥራት የተነገረ ዲስኩር



 በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በጋራዥ ሥራ የምትተዳደሩ ብዙዎች በዚህ አዳራሽ እንዳላችሁ አውቃለሁና ለእናንተ የምናገረው የየዕለት ሥራችሁ ነው፤ ለቀሩት ግን እንግዳ ነገር ስለሚሆን፣ ቃሉን እያፍታታሁ ለመናገር እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሬን ከስሙ ልጀምር። ማርሚታ የምንለው ቃል የጣልያን ልሳን ነው፤ በዚያ ልሳን መጀመሪያ ትርጉሙ ትልቅ ድስት ማለት ሲሆን፣ ከመኪና ሥር ተንጠልጥሎ የሚጨሰውን ሆዳም ቆርቆሮ ጣልያኖች በድስቱ ስም ጠሩት፤ እኛም ቴስታታን፣ ካንዴላን፣ ፍሪሲዮንንና ጓርኒሲዮንን ከተቀበልንበት እጅ ይህንንም ቃል ተቀብለን የራሳችን አደረግነው። እኔ በአዲስ አበባ በሶማሌ ተራ ሥራ ስለምድ፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት ትናንሾቹ የፊያት ሴይቼንቶ ታክሲዎች ማርሚታቸው ተበስቶ ሲመጡ፣ ጌታዬ የላሜራ ቁራጭ ቆርጦ በላዩ ይለጥፍና ደህና ሂዱ ብሎ ያሰናብታቸው ነበር፤ በዚያ ዕድሜዬ ማርሚታ ማለት ከመኪና ክፍሎች ሁሉ የተናቀው፣ ጭስን ከሰው አፍንጫ አርቆ ከመጣል በቀር ሌላ ግብር የሌለው ዕቃ ይመስለኝ ነበር።

ይህች የተናቀች ድስት ለአንድ ሰው የሀብትና የዝና ምንጭ ሆና እንደ ነበር የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1908 በቪየና የተወለደው ካርሎ አባርት በ1949 በጣልያን አገር በስሙ የጠራውን ኩባንያ ሲያቋቁም፣ የእሽቅድምድም መኪና ለመሥራት ልቡ ቢነድም ገንዘቡ አልነበረውም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ በያዘው በተራው የፊያት መኪና ላይ የሚገጠም፣ ጋዙን ሳያጨናንቅ የሚያሳልፍ፣ ድምፁም የጠራ ማርሚታ እየሠራ መሸጥ ያዘ፤ ጊንጥ የታተመበት ያ ማርሚታ በየአገሩ ተሸጠ፤ በተሸጠውም ገንዘብ መኪኖቹ በየሜዳው ድል ነሡ፤ ኩባንያውንም በ1971 ፊያት ገዛው። እንግዲህ ጌታዬ ላሜራ ይለጥፍባት የነበረችው ሴይቼንቶ፣ በቶሪኖ በአባርት እጅ የእሽቅድምድም መኪና የሆነችው ያችው ሴይቼንቶ ናት። አንዱ ቀዳዳ ደፈነ፤ ሌላው ቀዳዳው ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ጠየቀ። ዛሬ ማታ ልነግራችሁ የምሻው ስለዚህ ጥያቄ ነው።

የሜዳ መኪና ስል፣ በአደባባይ መንገድ ሳይሆን በተዘጋ የእሽቅድምድም ሜዳ ለመነዳት የተዘጋጀችውን ማለቴ ነው። ከእኛ ልጆች መካከል በምዕራብ ቨርጂኒያ ወዳለው ወደ ሰሚት ፖይንት ሜዳ ቅዳሜና እሑድ እየሄዱ፣ 3.2 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ዋናውን ጥምዝምዝ መንገድ የሚነዱ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ስሄድ ኖሬ፣ በ1.8 ሊትር ሞተሯ 130 ፈረስ ያህል ጉልበት ለምታወጣ ለአንዲት አሮጌ የማዝዳ ኤምኤክስ 5 ማርሚታ በእጄ ሠርቼላታለሁ። ይህች መኪና በ1989 ለዓለም ከታየችበት ጊዜ ጀምሮ የሠሯት ሰዎች ስለ ማርሚታዋ ድምፅ እጅግ የተጨነቁ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ታዲያ እነርሱ ያማረ አድርገው የሠሩትን ለምን እንለውጣለን ብትሉኝ፣ እነርሱ የሠሩት ለርካሽነት፣ ለጸጥታ፣ ለሕግና ለብዙ ዓመት ዕድሜ ለሁሉም እየከፋፈሉ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ በደቂቃ ከ4000 እስከ 7000 ዙር መካከል ብቻ ለሚኖርባት የሜዳ መኪና ልኩ ሌላ ነው እላችኋለሁ።

ሞተር ይተነፍሳል ማለት የተለመደ አነጋገር ነው፤ ነገር ግን አተነፋፈሱን ተጠግቶ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ሞተሩ አራት ሥራ በተራ ይሠራል፤ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያስወጣል። የማስወጫው ቫልቭ የሚከፈተው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ፒስተኑ ከታች ደርሶ ወደ ላይ ሲመለስ አይደለም፤ ገና ወደ ታች ሲወርድ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ከውጭው አየር በብዙ እጥፍ ታምቆ ሳለ ነው። በዚያች ቅጽበት ከሲሊንደሩ ሁለት መልእክተኞች ይወጣሉ። አንደኛው የተቃጠለው ጋዝ ራሱ ነው፤ እርሱ ግዙፍ አካል ስለ ሆነ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ሁለተኛው አካል የሌለው የግፊት ሞገድ ነው፤ እርሱም በድምፅ ፍጥነት ይበርራል፤ የድምፅ ፍጥነት በቀዝቃዛ አየር በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በማርሚታው በጋለው ጋዝ ውስጥ ግን ከ500 ሜትር ያልፋል።

ይህ ሞገድ ቱቦው ወደ ሰፊ ቦታ ከሚከፈትበት፣ አራቱ ቱቦዎች ከሚገናኙበት መሰብሰቢያ ሲደርስ፣ እጅግ የሚደንቅ ነገር ይሆናል፤ ከፊሉ ጠባዩን ለውጦ ወደ መጣበት ይመለሳል። ግፊት ሆኖ የሄደው ስበት ሆኖ ይመጣል። ተመልሶ ከቫልቩ ሲደርስ የማስወጫው ቫልቭ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት፣ የማስገቢያው ቫልቭም ገና መከፈት ጀምሮ፣ ሁለቱ በሮች በአንድነት ተከፍተው ከተገኙ፣ ያ ስበት ከሲሊንደሩ ጥግ የቀረውን የተቃጠለ ጋዝ ጠርጎ ያወጣል፤ ከወዲያም አዲሱን አየርና ነዳጅ ፒስተኑ ገና መሳብ ሳይጀምር ይጠራዋል። ጊዜውን ስቶ ግፊት በሚሆንበት ሰዓት ከደረሰ ደግሞ የወጣውን ጭስ መልሶ ያጐርሳል። ሞተሩ በ7000 ዙር ሲሽከረከር ክራንክ ሻፍቱ አንዲት ዲግሪ የሚዞርባት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ 42000ኛዋ እጅ ናት። በማሕሌት የቆመ ደብተራ ጽናጽሉን ከከበሮው ምት ጥቂት ቀደም ወይም ዘግየት ቢያደርግ ዜማው ሁሉ እንደሚናጋ ታውቃላችሁ፤ በዚህች ከመቅጽበት ባነሰች ጊዜ የመልሱን ሞገድ ከቫልቩ ጋር የሚያገናኘው ግን የሰው እጅ አይደለም፤ የቱቦው ርዝመት ብቻ ነው። ቱቦው ቢረዝም መልሱ ይዘገያልና ሞተሩ በዝቅተኛው ዙር ይበረታል፤ ቢያጥር መልሱ ይፈጥናልና በከፍተኛው ዙር ይበረታል። ለሁሉም ዙር የሚሆን ርዝመት ግን በፍጥረቱ የለም።

ስለዚህ ማርሚታ የሚሠራ ሰው ብረት ከመቁረጡ በፊት ለራሱ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ፣ ይህች መኪና አብዛኛውን ጊዜዋን በየትኛው ዙር ነው የምታሳልፈው የሚለው ነው። ካንዴላዎቹ 1፣ 3፣ 4፣ 2 እያሉ በሚነዱበት ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር፣ አራቱን ቱቦዎች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ መሰብሰቢያ ማምጣት ከላይ በከፍተኛው ዙር ጉልበት ይሰጣል፤ 1ኛውን ከ4ኛው፣ 2ኛውን ከ3ኛው አጋብቶ መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ማድረግ ግን፣ የተጋቡት ሁለቱ ሲሊንደሮች በአንድ ሙሉ ዙር ስለሚራራቁ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ አይረግጥም፤ ጉልበቱም በመካከለኛው ዙር ላይ ሰፋ ብሎ ይዘረጋል። ሰሚት ፖይንት ከዝግተኛ ጥምዝ ወጥቶ እንደገና ፍጥነት መሰብሰብን የሚጠይቅ ሜዳ ስለ ሆነ፣ እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ፤ ቀጥ ያለ ረጅም መንገድ ለሚበዛበት ሜዳ ግን የመጀመሪያውን የሚመርጥ ሰው አይሳሳትም።

የዚህ የሞገድ ጥበብ ከፍተኛው ሊቅ ማን እንደ ነበረ ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። በምሥራቅ ጀርመን በቾፓው ከተማ በነበረው የኤምዜት የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ዋልተር ካደን የተባለ መሐንዲስ፣ ገንዘብም ጥሩ ብረትም በቸገረበት አገር፣ የማርሚታውን ቅርጽ መጀመሪያ እየሰፋ ኋላም እየጠበበ የሚሄድ አድርጎ፣ ሊያመልጥ የሚሻውን አዲስ ጋዝ በሞገዱ ኃይል ወደ ሲሊንደሩ መልሶ እንዲገፋ አደረገው፤ በ1961ም 125 ሲሲ ብቻ ከሆነች ሞተር 25 ፈረስ ጉልበት አወጣ፤ ይህም በአንድ ሊትር 200 ፈረስ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጋላቢው ኤርንስት ዴግነር በስዊድን አገር ለውድድር እንደ ሄደ ከድቶ ቀረ፤ ከእርሱም ጋር የካደን ዕውቀት ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ሄደ፤ በ1962 ሱዙኪ በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በባዶ ቱቦ ውስጥ ያለ ቅርጽ የመንግሥት ምሥጢር ያህል ሲጠበቅና ሲሰረቅ ያየ ትውልድ፣ ማርሚታን የጭስ መጣያ ብሎ ሊንቀው አይችልም። የካደን ሞተር ባለ ሁለት ምት ስለ ሆነች ቅርጿ ለእኛይቱ መኪና አይሆንም፤ የሞገዱ ሕግ ግን አንድ ነው።

አሁን በሙያችን ሰፈር ሥር የሰደደ አንድ ስሕተት ላንሳ። “ሞተር ከኋላው ጥቂት መታፈን ያስፈልገዋል፤ ማርሚታው በጣም ከተከፈተ ጉልበቱ ይወድቃል” ሲባል ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ምናልባትም ብላችኋል። መታፈን ለየትኛውም ሞተር ጠቅሞ አያውቅም። ሞተሩ የሚያስፈልገው የጋዙ ፍጥነት ነው፤ ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ የሚጠፋውም ፍጥነቱና የሞገዱ ብርታት ነው። ከ50.8 ሚሊ ሜትር ወደ 63.5 ሚሊ ሜትር ስንሻገር ለዓይን ጥቂት የጨመርን ይመስለናል፤ የቱቦው አፍ ስፋት ግን በ56 በመቶ ጨምሯል። ሰፊ ቱቦ ገጥሞ ጉልበቱ የወደቀበት ሰው በሽታውን በትክክል አይቶ ስሙን ግን ሳተው።

እኔም ይህን ስሕተት በገንዘቤ ተምሬዋለሁ። መጀመሪያ የገጠምኩት ማኒፎልድ፣ ማለትም ከሞተሩ የሚወጡት ቱቦዎችና መሰብሰቢያቸው፣ ከእኔ ሞተር ለሚበልጥ ሞተር ታስቦ የተሠራ፣ ቱቦዎቹ ወፋፍራም፣ ብየዳው ያማረ፣ ሲያዩት የሚያኮራ ነበር፤ ሻጩም ለማንኛውም መኪና ይሆናል ብሎኝ ነበር። ከሜዳው ጥምዝ ስወጣ መኪናይቱ ነዳጅ ስሰጣት ለጥቂት ጊዜ ዝም ትልና ኋላ ከላይ ትነሣ ነበር፤ ከእኔይቱ ይልቅ ደካማ የነበሩት መኪኖች በዚያች ዝምታ እየቀደሙኝ ይሄዱ ነበር። ከድምፁም የተነሣ በዚያው ቀን የድምፅ ወሰን አለፍህ ተብዬ ከሜዳ ውጣ በሚለው በጥቁር ባንዲራ ተጠራሁ። ሁለት ወር ካጠራቀምኩት ገንዘብ ያገኘሁት ጩኸትና የጠፋ ጉልበት ሆነ። በዚያን ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ማርሚታን ለጆሮዬ ገዝቼው እንደ ነበር ገባኝ፤ መግዛት የነበረብኝ ግን ለሞተሩ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ፤ በዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ።

መኪናይቱ በመደገፊያ ላይ ከፍ ብላ ስትቆም፣ አሮጌውን ማርሚታ ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ሰዓት ከሥሯ ተኝታችሁ ተመልከቱ። የፍሬኑና የቤንዚኑ ቱቦ በየት በኩል ያልፋል? በዚህች ማዝዳ ካምቢዮውን ከኋለኛው ዲፈረንሻል ጋር የሚያያይዝ ረጅም የአሉሚኒየም ድልድይ አለ፤ ማርሚታው ከእርሱ ጎን ለጎን በጠባብ ቦይ ውስጥ ስለሚሄድ፣ ከላስቲክ መቀመጫው ላይ የሚወዛወዝ ሞተር ማርሚታውን ይዞት ሲወዛወዝ ከድልድዩ ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ በየጥምዙ የመዶሻ ድምፅ ትሰማላችሁ። በየትኛውም ጎን ቢያንስ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ክፍት ቦታ ተዉ፤ ሽቦና የፍሬን ቱቦ ካለበት ግን አንድ ጣት አይበቃም፤ የላሜራ ጋሻም ጨምሩበት። ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው ደጃፍ፣ የሚወጣው ጋዝ በሙሉ ጉልበት ሲነዳ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ እንደሚችል አትርሱ።

ለቱቦው ብዙ ሰው የሚመርጠው 304 የሚባለውን የማይዝግ ብረት ነው፤ በውስጡ 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው፤ እውነትም ያማረ ብረት ነው። ነገር ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ሲሞቅ ከተራው ብረት ይበልጥ ይረዝማል። አንድ ሜትር የሆነ የዚህ ብረት ቱቦ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሲጨምር ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ልብ በሉ፤ ከሞተሩ እስከ ኋላ መከላከያው ያለውን መንገድ አስቡና ያን ሁሉ ርዝመት ከሁለት በኩል በብሎን ጠፍራችሁ ብታስሩት ብረቱ የት ይሂድ? ከብየዳው ዳር ይሰነጠቃል፤ ወይም የማኒፎልዱን መጋጠሚያ ከንፈር፣ ፍላንጁን፣ አጣምሞ መድፈኛውን ጓርኒሲዮን ያስተነፍሳል። ስለዚህ በመካከሉ የሚተጣጠፍ መገናኛ፣ ወይም አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ገብቶ በሞላ የሚያዝበት መጋጠሚያ ይደረጋል፤ የቀረውም ሁሉ በላስቲክ ማንጠልጠያ ይንጠለጠላል። ማርሚታ በመኪና ላይ አይታሰርም፤ ይንጠለጠላል እንጂ።

ቱቦውን ስታጥፉ በየጋራዡ እንደ ልማድ በሚደረገው፣ ብረቱን ጨምድዶ በሚያጥፈው ማጠፊያ አትጠቀሙ፤ በእጥፋቱ ላይ ቱቦው ይጠብባልና የገዛችሁት ስፋት ከዚያ ላይ ይቀራል። ውስጡን ደግፎ በሚያጥፍ መሣሪያ የታጠፉ ክርኖችን ገዝታችሁ በየልኩ እየቆረጣችሁ አጋጥሙ። ሲቆረጥ የሁለቱ ከንፈር ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ በሞረድ ይስተካከል፤ ክፍተትን በብየዳ እሞላዋለሁ የሚል ሠራተኛ ብየዳው ሲሰነጠቅ ያገኘዋል። መጀመሪያ ሁሉንም ከመኪናው ሥር ሆናችሁ በሦስት በሦስት ነጥብ ብቻ አያይዙት፤ መኪናይቱን ወደ መሬት አውርዱ፤ ጎማዎቿ ክብደቷን ተሸክመው ሳለ ዳግመኛ ተመልከቱ፤ በመደገፊያ ላይ የነበረው ክፍተት ከመሬት ላይ አይኖር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው ወርዶ በጠረጴዛ ላይ የሚበየደው።

በአርጎን ስትበይዱ ደግሞ ከውጭ ያለውን የብየዳ ጎን ብቻ አትጠብቁ። የቱቦውን ሁለት አፍ በወረቀትና በፕላስተር ዘግታችሁ፣ ትንሽ ቀዳዳ ትታችሁ፣ ውስጡንም በአርጎን ሙሉት። ይህን ያላደረገ ሰው ከውጭ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ ያማረ ብየዳ ያያል፤ ቱቦውን ሰንጥቆ ቢመለከተው ግን ውስጡ በአየሩ ተቃጥሎ፣ ጠቁሮና እንደ ስኳር ኮርፍዶ ያገኘዋል። ያ ሻካራ ጠርዝ ጋዙን ያውካል፤ መሰንጠቅም የሚጀምረው ከዚያ ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ ብየዳውን እንድመለከትለት ባመጣልኝ ጊዜ ጣቴን በቱቦው አፍ አግብቼ የውስጡን ስፌት ዳሰስኩት፤ ለስላሳ ነበር፤ ሌላ ፈተና አላስፈለገውም።

የኦክስጅን መለኪያው የሚገባበት ቦታ ትንሽ ነገር ቢመስልም ብዙ ሰው የሚስተው እርሱን ነው። አራቱ ቱቦዎች ከተሰበሰቡ በኋላ ይሁን፤ አለዚያ የአንዱን ሲሊንደር ወሬ ብቻ ይነግራችኋል። ከቱቦው ሆድ በታች አይሁን፤ ከጎን በላይ፣ በሰዓት ፊት ቢመሰል በ10 እና በ2 መካከል ይቀመጥ፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ የጋለውን የሸክላ አካሉን ከነካው ይሰነጥቀዋል።

የቀረው የድምፁ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ለወጣቶቻችን የምናገረው አለኝ። በድምፅ መለኪያ 3 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ሆኗል፤ 10 ሲጨምር ጉልበቱ ዐሥር እጥፍ ሆኖ ለጆሮ ደግሞ እጥፍ ያህል ይሰማል። በካሊፎርኒያ በላጉና ሴካ ሜዳ በአብዛኞቹ የልምምድ ቀኖች ወሰኑ 90 ዴሲቤል አካባቢ ሲሆን ከመንገዱ ዳር 15 ሜትር ያህል ርቆ ይለካል፤ በእንግሊዝ አገር በብዙ ሜዳዎች ደግሞ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ከከፍተኛ ዙሩ በሦስት አራተኛው እየዞረ፣ ከጭስ መውጫው በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀትና በ45 ዲግሪ ማዕዘን ይለካል። ወሰኑን ያለፈ መኪና ጉልበቱ ምንም ቢሆን አይነዳም።

እንዲህ ያለ ወሰን ከምን እንደሚመጣ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በኮነቲከት ግዛት ላይም ሮክ ፓርክ የሚባል ሜዳ በ1957 ተከፈተ፤ በአጠገቡም በቅድስት ሥላሴ ስም የተሰየመች የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በሰንበት ቀን ምእመናን ለጸሎት ተሰብስበው ሳሉ ክፍት ቱቦ ያላቸው ሞተሮች ሲያጓሩ ምን ይመስል እንደ ነበር፣ እኛ በቅዳሴ ጸጥታ ያደግን ሰዎች ለመገመት አይቸግረንም። ነዋሪዎቹ አቤት አሉ፤ ፍርድ ቤቱም በ1959 በእሑድ እሽቅድምድም እንዳይደረግ፣ ድምፅ ማፈኛ የሌላቸው መኪኖችም ከተወሰኑ ቀኖችና ሰዓቶች በቀር እንዳይነዱ ፈረደ። ሜዳው ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከእሽቅድምድም ያርፋል፤ ይኸው እስከ ዛሬም ይኖራል። እኔ ይህን ፍርድ የሜዳው ጠላት ነው ብዬ አላየውም፤ ጎረቤቱን ያላከበረ ሜዳ ይዘጋል፤ ላይም ሮክ ግን ወሰኑን ተቀብሎ ኖረ።

ደግሞም ጸጥታ ጉልበት ይበላል የሚለው አባባል ለድሮው ማርሚታ እንጂ ለዛሬው እውነት አይደለም። ጋዙን በክፍል በክፍል እያዞረ፣ እያጋጨ የሚያደክመው አለ፤ እርሱ በእርግጥ ያጨናንቃል። ነገር ግን ጋዙ ቀጥ ብሎ በቀዳዳማ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍበት፣ ድምፁ ግን በቀዳዳዎቹ ወጥቶ በዙሪያው በታመቀው የመስታወት ጭረት ውስጥ የሚሞትበት አለ፤ ረጅምና ወፍራም የሆነውን ብትመርጡ ጉልበታችሁ አይነካም፤ ጥቂት ኪሎ ብቻ ይጨምርባችኋል። ያ ጭረት በሙቀት እየተበላሸ የሚያልቅ ስለ ሆነ፣ ድምፁ ከዓመት ዓመት ሲያድግ ብታዩ ማርሚታው ሆዱ ባዶ መሆኑን ዕወቁና ክፈቱት፤ መልሳችሁም ሙሉት።

ስለ ጭስ ማጣሪያው ባጭሩ ልበል። በአደባባይ መንገድ የምትነዳ መኪና ማጣሪያዋን ማውለቅ በዚህ አገር የፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ በተጎታች ተጭና የምትሄድ የሜዳ መኪና ጉዳይዋ አከራካሪ ቢሆንም፣ እኔ በራሴ መኪና ላይ ቀዳዳው ሰፋ ያለ የእሽቅድምድም ማጣሪያ ትቻለሁ፤ ከኋላዬ የሚነዳው ሰው የእኔን ጭስ ነው የሚተነፍሰው። ከዚህ የሚበልጠው አደጋ ግን ከፊት ያለው ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደማችን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ከማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን የሚተነፍስ ትንሽ ክፍተት፣ በወለሉም ላይ ያልተደፈነች የሽቦ ቀዳዳ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነጂውን በጥምዙ መካከል ያደነዝዙታል። ስለዚህ ሥራችሁን ስትጨርሱ ሞተሩን አስነሥታችሁ የጭስ መውጫውን በጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ አፍኑና በየመጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ አፍስሱ፤ አረፋ ያወጣው ቦታ ያልተጠናቀቀው ነው። የወለሉንም ቀዳዳ ሁሉ ድፈኑ። መኪናይቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቃ ከቀዘቀዘችም በኋላ ዳዶዎቹን ሁሉ ደግማችሁ አጥብቁ፤ የመጀመሪያው ሙቀት የማያላላው ብሎን የለም።

ይህን ካልኩ በኋላ ያን ልጅ ላስታውሳችሁ፤ የቱቦውን ውስጥ በጣቴ የዳሰስኩለትን ማለቴ ነው። ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጧል፤ የማዝዳይቱን የኋላ ግማሽ የበየደው እርሱ ነው። መኪናይቱ በግቢው በመደገፊያ ላይ ቆማለች፤ ከሥሯ መብራት አብርተንላችኋል፤ ከጋሻው በላይ ያለውን የብየዳ ስፌት ማየት የሚሻ ሁሉ ይምጣ፤ ያልገባውንም ይጠይቀው። ሰዓቱ ገና ሦስት አልሆነም፤ የሰፈሩ ሕፃናት ሳይተኙ አንድ ጊዜ ብቻ አስነሥተን እናሰማችኋለን።